በስንተኛው መለኪያ?

አንድ ወጣት ንጉሥ ነበሩ። አባታቸው አርባ ዓመት ገዝተው ሲያርፉ ዙፋኑን ወረሱና በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር አደረጉ። የእስር ቤቱን በር አስከፈቱ። «ከዛሬ ጀምሮ የልባችሁን ተናገሩ» ብለው አዋጅ አስነገሩ። የአባታቸውን አማካሪዎችም በየወንበራቸው አጸኑ። ሕዝቡ በሁለቱ ደስታ ተውጦ ስለነበር ሦስተኛውን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት ከጎረቤት ነገሥታት ደብዳቤ መጣ። «ለውጥ ላይ ነን ካላችሁ ቆያችሁ። ለመሆኑ ምን ያህል ሄዳችሁ?» ይላል። ንጉሡ አማካሪዎቻቸውን ሰብስበው ጠየቁ። አንደኛው «እጅግ ሩቅ ሄደናል» አሉ። ሁለተኛው «ከዚያም አልፈናል» አሉ። ሦስተኛው ደግሞ ከመሄዳችን ብዛት የተነሣንበት ቦታ አይታየንም ብለው አስጨበጨቡ።

«እሺ፣ ሩቅ ሲባል ስንት ነው?» አሉ ንጉሡ።

ጨርቅ በክንድ ይለካል፣ እህል በቁና፣ መሬት በገመድ። ነፃነት በምን እንደሚለካ ግን በቤተ መንግሥቱ የሚያውቅ አልተገኘም። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ዕቃው ለቤቱ አዲስ ነበር። ስለዚህ ነጋሪት ተጎሰመ፤ «የነፃነት መለኪያ ያለህ፣ መለኪያህን ይዘህ ቅረብ» ተባለ።

በአንዲት የገበያ ከተማ፣ ከከብት ተራው ጀርባ፣ እትዬ ዘርፌ የምትባል አረቄ ሻጭ ነበረች። አዋጁ እሷ ጆሮ ሲደርስ ነጋሪቱ ግማሹን ውጦት ስለነበር የሰማችው «መለኪያ ያለህ፣ መለኪያህን ይዘህ ቅረብ» የሚለውን ብቻ ነው። አረቄ የሚጠጣባትን ትንሿን ብርጭቆ አገሩ ሁሉ መለኪያ ነው የሚላት። መንግሥት አምና ለበዓል ብሎ ወንበር ሰብስቦ አልመለሰም፤ ካቻምና በቅሎ ወስዶ ነበር። ዘንድሮ ተራው የመለኪያ መሆኑ አላስገረማትም። እሷ አሥራ ሁለት አላት። «አንዷን በፈቃዴ ካስረከብኩ አሥራ አንዷን ይተዉልኛል» አለችና አፏ ሸረፍ ያለውን መርጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። የአንድ ቀን መንገድ ሄዳ ቤተ መንግሥት ደረሰች።

ከፊቷ የተሰለፉት ሊቃውንት ነበሩ። አንዱ መቶ አርባ ጥያቄ ያለበት ቅጽ ይዟል። ሌላው በአምስት ቀለም የተሠራ ሠንጠረዥ በሁለት አሽከር አሸክሟል። ንጉሡ ቅጹ ሲነበብ ሁለት ጊዜ አዛጉ። የእትዬ ዘርፌ ተራ ደረሰና ቋጠሮዋን ፈትታ ብርጭቆዋን ዙፋኑ ሥር አስቀመጠች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ንጉሡ።

«መለኪያ ነዋ ጌታዬ። አምጡ አላችሁ፣ አመጣሁ። ስትጨርሱ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ባትመልሱም ለምደነዋል።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ንጉሡ ግን ክፉ ሰው አልነበሩምና ፈገግ ብለው «እኛ የፈለግነው የነፃነት መለኪያ ነው፣ እናቴ። በዚህ ነፃነት ይለካል?» አሏት።

እትዬ ዘርፌ አሰበች። የተጠየቀችውን የምትመልስ ሴት ናት፤ ጉዳቷም እሱ ነው።

«ይለካል እንጂ። በአባትዎ ጊዜ ሰው እኔ ቤት ተቀምጦ ስለ መንግሥት አፉን የሚከፍተው አምስተኛው መለኪያ ላይ ነበር። እርስዎ የነገሡ ዓመት ገና ከበር ሲገባ፣ ሳያዝ፣ በባዶ ሆዱ ይናገር ጀመር። የሚጠጣ ጠፍቶ ቤቴን ልዘጋ ደርሼ ነበር።»

«አሁንስ?»

ግድግዳ ግድግዳውን አየች። «አሁን ሦስተኛው ላይ ነው» አለች።

ሳቁ ቆመ። አንድ ሽማግሌ አማካሪ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» አሉ፤ አሁን የፈለሰፉት በሚመስል ድምፅ። ንጉሡም ጉልበታቸውን መቱና «ይሄ ነው መለኪያ!» አሉ። በዚያው ቀን የእትዬ ዘርፌ ቤት «የነፃነት መለኪያ ጣቢያ» ተብሎ ተሰየመ። አቶ በለጠ የሚባል ታዛቢም ተሾመለት። እትዬ ዘርፌ «ጌታዬ፣ እኔ እኮ...» ብላ ጀምራ ነበር። ጭብጨባው ዋጠው።

ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ያስጨነቃት የብርጭቆዋ ነገር አልነበረም፤ የባሏ ነው።

ባሏ ተሰማ ይባላል። በአሮጌው ንጉሥ ጊዜ አምስተኛው መለኪያ ላይ «ንጉሣችን ደክሟቸዋል፣ ቢያርፉ ይሻላል» ብሎ ተከሰሰ። ዳኛው «ይህን ስትናገር ስንተኛው ላይ ነበርክ?» ብለው ጠየቁት። «አምስተኛው ላይ፣ ጌታዬ። ሰክሬ ነው።» ዳኛው አዘኑለት። «ቅጣቱ አሥራ አራት ዓመት ነው። ለስካርህ ግማሹን አንሥቼልሃለሁ። ምነው አሥር በሞላህ ኖሮ፣ በነፃ እለቅህ ነበር» አሉት። ይህች ፍርድ በከተማው እንደ ጸሎት በቃል ተያዘች።

እትዬ ዘርፌ በአገልግል ስንቅ ይዛ እስር ቤት ተመላለሰች። ስድስት ዓመት። በሰባተኛው ላይ አዲሱ ንጉሥ በሩን ሲያስከፍቱ ተሰማ ወጣ፤ ይህን ውለታ ቤቱ አይክድም። በዚያ ዓመት ተሰማ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ጠብታ አረቄ ያወራ ነበር፤ እሷም አገልግሏን አጥባ ከጣሪያው ሥር፣ መሰላል ካልቆሙ በማይደረስበት ወጋግራ ላይ ሰቀለቻት። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጎረቤታቸውን «ለትንሽ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወሰዱት። ጥያቄው ትንሽ ነበር፤ መልሱ ሁለት ወር ፈጀ። ያን ሰሞን እትዬ ዘርፌ አገልግሏን አውርዳ ከበሩ ጎን ካለው ችንካር ላይ አንጠለጠለቻት። ተሰማም መጠጡንም ወሬውንም ተወ። በሩ አጠገብ ተቀምጦ ለከብት ተራው ገመድ ይገምዳል። ስሙ ተሰማ ነው፤ የሚሰማው ግን የገመዱ ድምፅ ብቻ ሆነ።

አቶ በለጠ ደብተሩን ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ትጉህ ሰው ነበር። ሰው ሲገባ ስሙን ይጽፋል፣ መለኪያ በተቀዳ ቁጥር ጭረት ይጭራል፣ ሰውዬው ስለ መንግሥት ሲናገር ጭረቱን ይዘጋል፤ የተናገረውንም ለማመሳከሪያ ከጎኑ ያሰፍራል። ስሙ ለምን እንደሚያስፈልግ ቢጠየቅ «ቁጥር ያለ ስም ማን ያምነዋል?» ይላል።

በመጀመሪያው ቀን አያ ቸኮል የተባለው የበቅሎ ደላላ ገባ፤ በከተማው ምላሱ ከእግሩ የሚቀድም ሰው ነው። ሁለቱን ጨልጦ ወደ ጥጉ አየ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ያ ሰውዬ የሚጽፈው ምንድን ነው?»

«ነፃነታችሁን ነው።»

«በስም?»

«በስም ከነአባት።»

«እንግዲያው ቅጂ እህቴ፣ አታቋርጪ። አሥር እስክሞላ ስለ በቅሎ ነው የማወራው።»

አወራም። ስለ በቅሎ ጥርስ፣ ስለ በቅሎ ሰኮና፣ ስለ በቅሎ እናት። ሌላውም እንደሱ ሆነ። የዳኛውን ፍርድ ያልያዘ ሰው የለምና ሦስት የነበረው አምስት ሆነ፣ አምስቱ ሰባት፣ በዓመቱ መጨረሻ ዘጠኝ ደረሰ። አሥር ሳይሞላ ከአግዳሚው የሚወድቅም ነበር፤ አቶ በለጠ በእንዲህ ያለው ስም አንጻር «ቅሬታ የለውም» ብሎ ይጽፋል።

«እትዬ ዘርፌ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አላት አንድ ቀን። «ከሦስት ወደ ዘጠኝ። ሦስት እጥፍ አድገናል።»

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሲቀንስ ነው ጥሩ የሚሆነው።»

አቶ በለጠ አዘነላት። «አየሽ፣ ይህ የተማረ ሰው ነገር ነው። እድገት ቁልቁል አያድግም።»

ወደ ላይ የሚወጣው መስመር በትልቅ ወረቀት ተሥሎ ለጎረቤት ነገሥታት ተላከ። ምስጋና መጣ። አንደኛው ንጉሥማ ለአገራቸው የሚሆን ሁለት ደርዘን መለኪያ እንዲላክላቸው ጠየቁ።

አንድ ነገር ብቻ አቶ በለጠን እንቅልፍ ነሣው። በደብተሩ ላይ በተሰማ ስም አንጻር ያለው ቦታ ባዶ ነው። አይጠጣም፣ አይናገርም፣ አይወድቅም። ንጉሡም ጣቢያውን ሊጎበኙ እንደሚመጡና በእሳቸው እጅ ነፃ የወጣው ሰው ሲናገር መስማት እንደሚፈልጉ ተነገረው።

«ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነው» አላት ለእትዬ ዘርፌ። «ተሰማ ይጠጣል። ዘጠነኛው ላይ ይናገራል።»

«ምን ብሎ?»

«የልቡን። ልቡ ውስጥ ደህና ነገር ቢገኝ ይመረጣል።»

ቅዳሜ ጠዋት ባልና ሚስት ብቻቸውን ነበሩ። ተሰማ ገመዱን ይገምዳል።

«ምን ልትል ነው?» አለችው።

«እንጃ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እንጃ አትበለኝ። ሰክረህ አምስተኛው ላይ ያልከው ስድስት ዓመት አስኬደኝ። ዘጠነኛው ላይ የምትለውን ማን ይችለዋል? ጉልበቴ አልቋል። ያን ዳገት ስንቅ ይዤ አልወጣውም።»

ተሰማ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ በሩ ጎን ያለችውን አገልግል አየ። «እኔም ደክሞኛል» አለ፣ ወደ ገመዱም ተመለሰ።

እትዬ ዘርፌ ወደ ጓዳ ገባች። አረቄና ውሃ በዓይን አይለዩም። አንድ ጠርሙስ አጥባ የምንጭ ውሃ ሞላችበት፣ ቡሹንም ግጥም አድርጋ ዘጋችው። ባሏ ሳይሰክር አንድ ሁለት የማይጎዳ ቃል ተናግሮ ቤቱ እንዲገባ ነበር ሐሳቧ።

ንጉሡ መጡ። አማካሪዎቹ ከኋላቸው ቆሙ። ለንጉሡ ወንበር ወጣላቸው፤ እትዬ ዘርፌ ወንበሩን አወቀችው። ያኔ ለበዓል ተብሎ የተወሰደባት ነው።

ተሰማ ተቀመጠ፣ እሷም ቀዳች። የመጀመሪያውን ሲያነሣ አፉ ላይ ያዝ አደረገና ሚስቱን አያት። እሷ ጣሪያውን አየች። ጨለጠው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም። ፊቱ አይኮማተርም፣ ዓይኑ አይቀላም፤ አንዱ አማካሪ ለጓደኛቸው «ነፃ ሰው እንዲህ ነው» ብለው አንሾካሾኩ። ዘጠነኛው አለቀ። አቶ በለጠ ብዕሩን አነሣ።

«ተሰማ፣ ደርሷል እኮ።»

ተሰማ ብርጭቆውን ደፍቶ አስቀመጠ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይሄ ውሃ ነው።»

እትዬ ዘርፌ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሚስቴን አይቀየሟት» አለ ተሰማ። «ፈርታ ነው። እኔም ከመጀመሪያው አውቄ ነው የጠጣሁት። አንድ ደህና ነገር ተናግሬ ልገላገል ብዬ ነበር። አሁን ግን ሳስበው፣ አልሰከርኩም። ነገ ብጠየቅ በምን ላሳብብ? ማሳበቢያ ከሌለኝ ውሸቱም አይመቸኝም። እርስዎ ሰው የሚጠጣው ለመድፈር ይመስልዎታል። ድፍረትማ ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው። የሚጠጣው ለዳኛው ነው፤ ሰክሬ ነው እንዲል። ይህች ብርጭቆ የምትለካው ሰው እውነት ለመናገር ስንት ማመካኛ እንደሚያስፈልገው ነው። በአባትዎ ጊዜ አምስት ነበር። እርስዎ የገቡ ዓመት ምንም አላስፈለገም። ያኔ ደርሰን ነበር፣ ንጉሥ ሆይ፤ መድረሳችንን የነገረን የለም። አሁን ዘጠኝ ነው። እየሄድን ነው ይላሉ ሰዎችዎ። እውነታቸውን ነው። የአባትዎን ቤት አልፈን ሄደናል።»

ንጉሡ ዘወር ብለው ከኋላቸው የቆሙትን አማካሪዎች አንድ በአንድ አዩ፤ ሁሉንም ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ ያውቋቸዋል። ከዚያ ወደ እትዬ ዘርፌ ዞሩ።

«ለእኔም ቅጂልኝ።»

ከመሬት ተነሥታ ከዚያው ጠርሙስ ቀዳችላቸው። ንጉሡ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡትና ጉሮሮው እንደተቃጠለ ሰው ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ጠጥቻለሁ» አሉ ለአማካሪዎቻቸው። «ስለዚህ አሁን የምናገረው በስካር ነው።» ወደ ተሰማ ጎንበስ አሉ። «እውነትህን ነው። እኔም ደክሞኛል።»

ተነሥተው ሄዱ። ወንበሩንም ይዘውት ሄዱ።

አቶ በለጠ ያን ቀን ከደብተሩ ጋር ሲታገል ዋለ። መመሪያው ግልጽ ነው፤ መለኪያ የሚባለው አረቄ ሲኖርበት ነው። የተሰማ ዘጠኙም ውሃ ስለሆነ አልተቆጠረም፤ ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ ተናገረ አይባልም። ስለዚህ ቦታው ባዶ ሆኖ ቀረ፣ ተሰማም ስላልተናገረ አልታሰረም። የንጉሡን መለኪያ ግን ውሃ ነው ለማለት የደፈረ አልነበረም። «ንጉሡ፦ በአንደኛው» ተብሎ ተጻፈ። በዚያ ዓመት ለጎረቤት ነገሥታት በተላከው ዘገባ በአገሪቱ ካሉት ሰዎች ሁሉ በነፃነት የሚበልጡት ንጉሡ መሆናቸው በቁጥር ተረጋገጠ። እኛም በዚህ ደስ ሊለን ይገባል።

ሰኞ አያ ቸኮል ገባ። እንደ ልማዱ ወደ አግዳሚው አልሄደም፤ በሩ አጠገብ፣ ተሰማ ጎን ተቀመጠ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ለእኔ የተሰማን ቅጂልኝ።»

ውሃ ቀዳችለት። አቶ በለጠ መጥቶ ብርጭቆውን አሸተተና ብዕሩን ኪሱ ከተተ።

«ወንድሜን ባለፈው ክረምት ለትንሽ ጥያቄ ወሰዱት» አለ አያ ቸኮል። «እስካሁን አልመጣም። ዓመቱን ሙሉ ስለ በቅሎ ያወራሁት እሱን እያሰብኩ ነው።»

ተሰማ ገመዱን አስቀመጠ። «የት እንዳለ ታውቃለህ?» አለው፤ ሁለቱም ይነጋገሩ ጀመር። እትዬ ዘርፌ ጠርሙስ እያጠበች የባሏን ድምፅ ሰማች። ሁለት ዓመት ናፍቃው ነበር። ደስ አላት፤ ወደ አገልግሏም አየች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከተማው «የተሰማን» እያዘዘ ውሃ ጠጣ፣ ተናገረም። በሦስተኛው ሳምንት ውሃም እንዲመዘገብ መመሪያ ወጣ።

መመሪያው የተነበበ ዕለት እትዬ ዘርፌ የቀሯትን አሥራ አንድ መለኪያዎች አጥባ አቶ በለጠ ፊት ደረደረቻቸው።

«ውሰዱልኝ» አለች።

«አረቄ ቤት ያለ መለኪያ? በምን ልትቀጂ ነው?»

«በጣሳ። የመናገሪያው ቦታ ርቋል፣ ወንድሜ። በብርጭቆ አይደረስበትም።»

ከዚያ በሩ ጎን ካለው ችንካር አገልግሏን አወረደች፣ አቧራዋን በነጠላዋ ጠረገች፣ ቆዳው የላላበትንም አጠበቀች። ተሰማ ከአያ ቸኮል ጋር እያወራ በዓይኑ ተከተላት። መልሳ አልሰቀለቻትም። መውጫው ላይ፣ ከጫማዋ አጠገብ አስቀመጠቻት።

የዚህ ታሪክ ትምህርቱ ግልጽ ነው። አገር ምን ያህል እንደተለወጠች ለማወቅ ሊቃውንት ብዙ መሣሪያ አላቸው፤ ሁሉም ይከበር። ሆኖም ነፃነት ሲመጣ ምንም ሳይጠጡ መናገር ነው፤ ሲሄድም ድምፅ አያሰማም፣ አንድ መለኪያ፣ አንድ መለኪያ እያለ ነው የሚሄደው። ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ሲያሳዩህም የተጻፈው ምን እንደሆነ ጠይቅ። ደግሞ ከመስመሩ በፊት ስንቅ ያመላለሰችውን ሴት ጠይቅ፤ አገልግሏን የት እንደሰቀለች እሷ ታውቃለች።

አንተስ ወዳጄ፣ ይህን ታሪክ ለሌላ ሰው ለማካፈል በስንተኛው ትደፍራለህ?